ቱቦ ከቱቦ ጋር ስለሚገጥምበት ጥበብ

በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላ ገበያ ዳር የቆመ ሰው፣ ከላንቴና ከጫኖ መንደሮች የሙዝ ዘለላ ተሸክመው የሚመጡትን፣ ከጨንቻ ተራራ ፖም ይዘው ቁልቁል የሚወርዱትን፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ፣ ከሲቀላም ወደ ሴቻ ሰው አፈናጠው የሚመላለሱትን ሞተር ሳይክሎች በተመለከተ ጊዜ፣ ስለ ሞተራቸው ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባቸው፣ ስለ ስማቸውና ስለ መጡበት አገር ሲነገር ይሰማል እንጂ፣ ያን ሁሉ ሸክምና ያን ሁሉ መንገጫገጭ ችሎ ስለሚያቆማቸው ስለ ቴላዮው አንድ ቃል ሲነገር አይሰማም። ቦክሰር ነው ይባላል፤ ቲቪኤስ ነው፣ ያማሃ ነው ይባላል፤ ቴላዮው እንዲህ ያለ ነው የሚል ግን የለም። እኔ ከሞተር ሳይክል አካላት ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ክብሩም ተጓድሎበታል ብዬ የማዝንለት ይኸው ቴላዮ ስለ ሆነ፣ እርሱንና ይልቁንም ቱቦዎቹ እርስ በርሳቸው የሚገጥሙበትን ጥበብ ለአንባቢ ላስተዋውቅ ተነሥቻለሁ።

ቴላዮ፣ ሌላው ሰው ሻንሲ የሚለው፣ ሞተሩን፣ ታንኩን፣ መቀመጫውንና ሁለቱን ጎማዎች በየቦታቸው የሚይዝ የቱቦ አውታር ነው። ፊቱ ላይ መሪው የሚዞርበት አጭርና ወፍራም ቱቦ አለ፤ እርሱን በዚህ ጽሑፍ አንገት እለዋለሁ። ሌላው ሁሉ ከአንገቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው።

ቱቦ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ከድፍኑ ብረት ይደክማል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ዶርዜ ወጥቶ የቀርከሃውን ቤት ቢያይ መልካም ነበር። የዶርዜ ሰው ውስጡ ባዶ ከሆነው ቀርከሃ፣ ያለ አንድ ምስማር፣ ከፍታው እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ያቆማል፤ ምስጥ እግሩን እየበላ ሲያሳጥረው እየቆረጠ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሲያሻውም በሰው ሸክም አንሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ያዛውረዋል። በብረትም ቢሆን ነገሩ በቁጥር ይታያል፤ ከዳር እስከ ዳር 32 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ይኸው ብረት ያለ ባዶ ቦታ ቢጠራቀም 15 ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ዘንግ ይወጣዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ክብደት ሲሆኑ፣ ቱቦው መታጠፍን የሚቃወምበት ግትርነት ከዘንጉ 7 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ምክንያቱም ለግትርነት የሚጠቅመው ብረት ከመካከል የራቀው ስለ ሆነ፣ በመካከል ያለው ብረት የሚጨምረው ሸክምን ነው እንጂ ኃይልን አይደለም።

ይህን ፈረንጆችም ወዲያው አላወቁትም። በእነርሱ አቆጣጠር በ1885 ዳይምለርና ማይባክ የሠሩት ባለ ቤንዚን ሞተር ሳይክል ቴላዮው እንጨት ነበር። በዚያው ዘመን ማነስማን የተባሉ የጀርመን ወንድማማቾች ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ የሚወጣበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1894 በብዛት ለሽያጭ የቀረበው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሞተር ሳይክልም በብረት ቱቦ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስላለው ታሪክ ብዙ የሚባል ቢኖርም አንዱን ብቻ ላንሣ፤ በ1950 ኖርተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ሞተሩ አስቀድሞ የታወቀ አሮጌ ንድፍ ሆኖ ሳለ፣ ሬክስ ማካንድለስ የተባለ የቤልፋስት ሰው በነደፈው አዲስ የቱቦ ቴላዮ ላይ አስቀምጦት፣ ጄፍ ዱክ በማን ደሴት በተደረገው የሲኒየር እሽቅድድም አሸነፈበት። ያን ቴላዮ ከነዱት አንዱ በላባ አልጋ ላይ የመተኛት ያህል ነው ስላለ፣ ቴላዮው እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። እንግዲህ የአንድን ሞተር ሳይክል ዕድል የሚወስነው ሞተሩ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያሰላስል ምንኛ መልካም ነው!

በአርባ ምንጭ ከምንም ተነሥቶ ሙሉ ቴላዮ የሚሠራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ነገር ግን የተሰበረውን መቀጠል፣ የኋላውን ክፍል ማስረዘም፣ የሙዝና የጆንያ ማስቀመጫ ፖርቶመጋላ መሥራት፣ ባለ ሁለት ጎማውን ባለ ሦስት አድርጎ ሣጥን ማስከተል፣ ይህ ሁሉ በየብየዳ ቤቱ ዘወትር የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጥበቡም ያው የቴላዮ ጥበብ ነው። ዕቃው ከብረታ ብረት መደብር የሚገዛው ቱቦ፣ ካልተገኘም ቱቦላሬ፣ መሣሪያው ሰጌቶ፣ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖ፣ ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ነው። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለ ዕቃ ከተነሣ አይቀር፣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈቅድም። ቱቦ ሲጠፋ ለውሃ መስመር የተሠራውን፣ ላዩ በዚንክ የተለበጠውን ቱቦ አንሥተው እንዲሁ የሚበይዱ አሉ። ብረት እስኪቀልጥ 1500 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይፈላና ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ያን ጢስ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል፤ ስለሚለቀውም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በያጆቻችን መድኃኒቱ ወተት ነው ብለው ያምናሉ። ወተት ለጠጪው መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሆድ የሚገባው ወተት ወደ ሳንባ የገባውን ጢስ አይነካውም። የሚረዳው ዚንኩን ከመበየድ በፊት ከጫፉ ላይ ፍቆ ማስወገድ፣ በደጅና በነፋስ ፊት መሥራት፣ ይልቁንም ከመጀመሪያው የውሃ ቱቦን ለውሃ መተው ነው። ልጆቻቸውን በጥቁር የፀሐይ መነጽር ብቻ በብየዳ ብርሃን ፊት የሚያስቀምጡ ባለ ሱቆችም አሉ፤ ያ መነጽር የዓይን ጋሻ እንዳይደለ እያወቁ ዝም ማለታቸው በእውነት የሚያሳዝን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ ቴላዮን የሚያጠነክረው ብየዳ ነው ብሎ ያምናል፤ ደንበኛው እንዲህ ያምናል፣ ረዳቱ እንዲህ ያምናል፣ ከበያጆችም ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ያምናሉ። ስለዚህ በያጁ ይመሰገናል፣ ብልጭታው ሰው ይሰበስባል፣ ብየዳው በወፈረ መጠን ሥራው ጠነከረ ይባላል፤ ከብየዳው አስቀድሞ ቱቦውን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሞርዶ ያገጣጠመው ሰው ግን ስሙ አይነሣም። እኔ የምለው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቴላዮ የሚጸናው ወይም የሚሰበረው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት፣ ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርሳቸው በተቀመጡበት አቀማመጥ ነው፤ ብየዳ የተስማማውን ያጸናል እንጂ ያልተስማማውን ማስማማት ከቶ አይችልም።

ችግሩ የሚነሣው ቱቦ ክብ ስለ ሆነ ነው። ቱቦላሬ አራት ማእዘን ስለ ሆነ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ በጎረቤቱ ላይ ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ክብ ቱቦ ግን ጫፉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ በሌላ ክብ ቱቦ ላይ ቢቆም፣ የሚነካው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፊ ክፍተት ይቀራል። ይህ ክፍተት እንዲጠፋ የመጪው ቱቦ ጫፍ የተቀባዩን ክብነት ተከትሎ መጎድጎድ አለበት፤ ፊትና ኋላው ይጎደጉዳል፣ ግራና ቀኙ ወጣ ብሎ ከንፈር ይሆናል፣ የአፍ መልክም ይይዛል። ለዚህም ነው በውጭ አገር ያሉ ባለ ሙያዎች የዓሣ አፍ ብለው የሚጠሩት፤ ከአባያና ከጫሞ የሚወጣ ዓሣ በሚበላበት ከተማ ስሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን አፍ በግምት የሚቆርጡ ብዙዎች ናቸው፤ በግራይንደር ትንሽ ይቆርጣሉ፣ ያስጠጋሉ፣ እንደገና ይቆርጣሉ፣ ቱቦው እስኪያጥር ድረስ ይህን ይደጋግማሉ፤ ከዚያም የቀረውን ብየዳ ይሙላው ይላሉ። ነገር ግን ይህን ሁሉ መከራ ከአንድ የደብተር ወረቀትና ከአንድ እርሳስ በቀር ሌላ ነገር ሳያስፈልግ ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ አንባቢዬ ትንሽ ይታገሠኝና ነገሩን ደረጃ በደረጃ ላስረዳው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ከዚህ እጅግ የረቀቀ ሒሳብ በቃሉ ይሠራልና፣ ይህ ለማንም አይከብድም።

ሁለቱም ቱቦዎች 32 ሚሊሜትር ናቸው፣ የሚገናኙትም በቀጥተኛ ማእዘን ነው እንበል። የቱቦው ዙሪያ 100 ሚሊሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ርዝመቱ 100 ሚሊሜትር ተኩል የሆነ ወረቀት ቆርጦ፣ በእርሳስ በ12 እኩል ክፍል ማስመር፣ በታችኛውም ጠርዝ አጠገብ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ ነው። ቀጥሎ ከዚያ መስመር ወደ ላይ በየመስመሩ እየለኩ ነጥብ ማኖር ይገባል፤ በመጀመሪያው 16 ሚሊሜትር፣ በሁለተኛው 14፣ በሦስተኛው 8፣ በአራተኛው ምንም፣ በአምስተኛው 8፣ በስድስተኛው 14፤ ከሰባተኛው ጀምሮ ይኸው ሥርዓት እንደ ገና ከ16 ይጀምራል። ነጥቦቹን በእጅ በለሰለሰ መስመር ሲያገናኙአቸው በወረቀቱ ላይ ሁለት ሸለቆና ሁለት ኮረብታ ያለው ሞገድ ይታያል፤ ያን ቆርጦ በቱቦው ጫፍ ላይ መጠምጠም፣ በመርፌ ወይም በስል ጠመኔ ዙሪያውን መከተል፣ ከዚያ በሰጌቶ ከመስመሩ በውጭ መቁረጥ ነው። 16 የቱቦው እኩሌታ እንደ ሆነ አስተዋይ አንባቢ ወዲያው ይገነዘባል፤ ሌላ ቱቦ ቢሆን በ16 ፈንታ የዚያን ቱቦ እኩሌታ አኑሮ ሌሎቹን በዚያው መጠን ማሳነስ ወይም ማሳደግ ይበቃል። ቱቦዎቹ በዘንባላ ማእዘን ሲገናኙ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ሲቀጥን፣ ቁጥሩ ይለወጣል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሰናከላል። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ቱቦው ውጫዊ ፊት ብቻ ነው፤ ቱቦው ግን 2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ስለዚህ በመስመሩ በትክክል የተቆረጠው ከንፈር በተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ ውስጠኛው ጠርዝ ቀድሞ ይነካና ውጫዊውን ያቆመዋል። ይኼኔ ጀማሪው ወረቀቱ ዋሸኝ ብሎ ይጥለዋል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የቀረው የሞረድ ሥራ ነው። ግማሽ ክብ የሆነውን ሞረድ ይዞ የከንፈሩን ውስጠኛ ጠርዝ አጋድሞ መፋቅ፣ ከውጭ የተሰመረውንም መስመር ሳይነኩ መተው ነው።

በሲቀላ አንድ አሮጌ ባለ ሙያ ይህን ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። ከታች ተቀባዩን ቱቦ በሞርሳ አሥረው፣ የላምባ ኩራዝ ጥላሸት በጣታቸው ቀቡት፤ የተቆረጠውንም ቱቦ በላዩ አስቀምጠው ትንሽ ወዲያና ወዲህ አነቃነቁትና አነሡት። በከንፈሩ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ታይተው ነበር። በዚያ ነጥብ ላይ ብቻ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሞረዱን ሳቡበት፣ ጠረጉት፣ እንደ ገና አስቀመጡት። ጥቁሩ ነጥብ ወደ መስመር ተለወጠ፤ መስመሩም ቀስ በቀስ ዙሪያውን ሁሉ ከበበ። በመጨረሻ ሁለቱን ቱቦዎች ገጥመው እንደ ያዙ ወደ ሰማይ አንሥተው በመካከላቸው ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ ተመለከቱ። ረዳታቸው ሰዓቱ እንደ ረፈደና ደንበኛው እንደ ቆመ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይብቃው እኮ፤ የቀረውን ብየዳ ይሞላዋል» አላቸው። እርሳቸውም ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «አዬ ልጄ፣ መሙላትስ ይሞላዋል፤ ሞላ ማለት ግን ያዘ ማለት አይደለም» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ስናገር ከእርሳቸው ቃል የተሻለ አላገኘሁም።

ክፍተቱን ብየዳ ሲሞላው የሚደርሰው ጥፋት ሦስት ነው፤ ሦስቱም አይታዩም። የመጀመሪያው፣ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ጠርዝ ከጎኑ ድጋፍ ስለሌለው እሳቱ ይበላዋል፤ በያጁም ቀዳዳውን ለመድፈን በላይ በላዩ ሲከምር፣ ቱቦው አላግባብ ይጋላል። ሁለተኛው፣ ብየዳ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ብረት ከቀለጠበት ሙቀት እስኪበርድ ድረስ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ያጥራል፤ ቱቦዎቹ ተነካክተው ከቆሙ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይህን መሳብ ይቃወሙታል፣ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ግን የሚቃወም ነገር የለምና የሚበርደው ብየዳ አንዱን ቱቦ ወደ ሌላው ይስበዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ በደንብ የተቀመጠ ቱቦ ሸክሙን በራሱ ከንፈር ለተቀባዩ ያስረክባል፣ ብየዳውም እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ክፍተት ያለበት ግን ሸክሙ ሁሉ በብየዳው ላይ ያልፋል፤ እያንዳንዱ የኮብልስቶን መንገጫገጭ፣ እያንዳንዱ የጨንቻ ጠመዝማዛ በዚያች ጥቂት ብረት ላይ ይቆጠራል። ብረት እንዲህ ሲደክም አስቀድሞ አይጎብጥም፤ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥፋት በአንገቱ ላይ ሲደርስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በቁጥር ላሳይ። አንገቱ ከቱንቢ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ያጋድላል። መሪው የሚዞርበት መስመር ወደ መሬት ቢቀጠል፣ የፊተኛው ጎማ መሬት ከሚነካበት ነጥብ ፊት ለፊት ይወድቃል፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ነው ሞተር ሳይክሉ ያለ ነጂው ትግል ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው። የጎማው እኩሌታ 300 ሚሊሜትር፣ የአንገቱ ማዘንበል 27 ዲግሪ፣ የፊት አሞርዛተሮቹ ከመሪው መስመር ወደ ፊት የወጡበት 45 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ይህ ርቀት 102 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንገቱ በብየዳ መሳብ 2 ዲግሪ ብቻ ቢቆም፣ ርቀቱ ወደ 90 ይወርዳል። ነጂው ቁልቁለት ሲይዝ መሪው ቀለለብኝ፣ ተንቀጠቀጠብኝ ይላል፤ ጎማ ይለውጣል፣ ኩሽኔታ ይለውጣል፤ በደሉ ግን የተሠራው ቱቦ በተገጠመበት ቀን ነው።

ስለዚህ በመልካም ሱቅ መጀመሪያ ቱቦዎቹ ሁሉ ተገጥመው፣ በየመጋጠሚያው በትንንሽ የብየዳ ነጥብ ብቻ ይያዛሉ። ከዚያ በአንገቱ ላይ ቱንቢ ይወርዳል፣ በሁለቱ ጎማዎች ጎንና ጎን ሲባጎ ይወጠራል፣ ውሃ ልክ ይቀመጣል፤ የተዛነፈው የብየዳ ነጥቡ ተፈልፍሎ ይስተካከላል። ከዚህ በኋላ የሚበየደው በአንድ ወገን በተከታታይ አይደለም፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ደግሞ ከተቃራኒው፣ አንዱ የሳበውን ሌላው እንዲመልሰው። ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ 2.5 ሚሊሜትር፣ ለእንዲህ ያለ ቱቦ ይበቃል።

ስለ ቱቦ ማጠፍ ጥቂት ብቻ ልበል። ጠባብ ጥምዝ የሚፈልግ ቱቦ እንዳይጨፈለቅ በአሸዋ ተሞልቶ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ተወትፈው፣ ግሎ ይታጠፋል፤ ስፌት ያለው እንደ ሆነ ስፌቱ በጥምዙ ውጭ ወይም ውስጥ ሳይሆን በጎን ይሁን። አሸዋው ከኩልፎ ወንዝ ዳር የተዛቀ ከሆነ በምጣድ ላይ እስኪደርቅ መቆላት አለበት፤ እርጥብ አሸዋ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውታፉን ተኩሶ ሰው ይገድላል።

ለደንበኞችም የምላቸው አለኝ። ሥራውን ለባለ ሙያው ሰጥታችሁ ከራሱ ላይ ቆማችሁ «ቶሎ በል» አትበሉ፤ የምትቸኩሉበት ሰዓት የሞረዱ ሰዓት ነውና ለገዛ ራሳችሁ ክፍተት ትገዛላችሁ። ፖርቶመጋላውን በቡሎንና በዳዶ መታሰር ሲችል በቴላዮው ላይ በቀጥታ አታስበይዱ፤ ጤናማውን ቱቦ እናንተው ታቆስሉታላችሁ። የጋለውን ብየዳ ቶሎ እንዲበርድ ውሃ የሚደፉበትን ከልክሏቸው። ብየዳውን ለማሳመር ከቱቦው እኩል እስኪሆን በግራይንደር የሚልጉትን፣ ከዚያም ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍነው ቀለም የሚቀቡትን ደግሞ ፈጽሞ አትመኑ፤ ስቱኮ መልክ ይሰጣል እንጂ አንድ ኪሎ አይሸከምም። ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ በሩቅ የታሰረ እንደ ሆነ ኮረንቲው በኩሽኔታዎቹ መካከል አልፎ ይበላቸዋል። በአንገቱ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርም በምንም ምክንያት አይነካ።

ቱቦውን የሚያገጣጥመው ሰው እንዲህ የተረሳበት ምክንያት በዚህ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ብረት የሚሠራ እጅ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ በጋሞ ደጋም ቆዳ የሚፍቁና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተ ሰቦች ደጋላ እየተባሉ ከመሬትና ከሌላው ወገን ጋብቻ ተከልክለው ኖረዋል፤ ማረሻውንና ማጭዱን ግን ሰው ሁሉ ከእነርሱ እጅ ይቀበል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ አዋጁ ግን ከወረቀት ወደ ልብ ለመግባት ብዙ ዘመን ወሰደበት። ዛሬ በየብየዳ ቤቱ ያለው ልጅ ከየትኛውም ወገን የመጣ ነው፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። የቀረው፣ ሥራውን በእውቀት የሚያግዘው ሰው ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ነው ያለው፤ ከላይ የጻፍሁትን የ12 መስመር ቁጥር ለየቱቦው ስፋትና ለየማእዘኑ አስልቶ፣ በአንድ ገጽ ጠንካራ ወረቀት አሳትሞ ለየሱቁ ማደል ለአንድ የሜካኒክስ ተማሪ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ይህች አንዲት ገጽ ብዙ ሰው ታድናለች ብዬ አምናለሁ።

ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ሌላው ቢቀር ይህን አድርጉ። በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንገቱ በታች ያለውን መጋጠሚያና ፖርቶመጋላው ያረፈበትን ቦታ ከጭቃ አጽዱ፤ በላምባ የራሰ ጨርቅ አሹት፤ ጥቂት ቆዩና በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፤ ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ያን መስመር ያየ ሰው ያን ቀን ሙዝ አይጫን፣ ሰውም አያፈናጥ፣ ወደ ጨንቻም አይውጣ፤ ወደ ብየዳ ቤት ሄዶ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ እንዲበሳለት፣ ስንጥቁም ተፈልፍሎ ከሥሩ እንዲበየድ ይጠይቅ፤ በላዩ ላይ ብቻ ብየዳ እንዲቀቡለት ግን አይስማማ።